መልስ የማይጠብቅ ጥያቄ

ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ አንድ ፕሮግራም መስኮት ሲከፍት ስክሪኑን በቀጥታ አይነካውም። ስክሪኑ፣ ኪቦርዱና ማውሱ ባለቤት አላቸው፤ ባለቤታቸውም የማሳያ ሰርቨር የሚባለው ፕሮግራም ነው። ሌላው ሁሉ ደንበኛ ነው፤ በሙያው አጠራር ክላይንት ይባላል። ክላይንቱ ማድረግ የሚችለው ጥያቄ መላክ ብቻ ነው፦ ይህን የሚያህል መስኮት ፍጠርልኝ፣ አሁን አሳየው፣ እዚህ ቦታ ላይ አራት ማዕዘን በቀይ ሙላልኝ። ጥያቄው በባይት ተጽፎ ሶኬት በሚባል የመገናኛ መስመር ውስጥ ይጓዛል።

ብዙ ፕሮግራመሮች ዕድሜ ልካቸውን መስኮት ሲከፍቱ ኖረው እነዚህን ባይቶች አንድም ቀን አያዩአቸውም። በመካከሉ ላይብረሪ አለ፤ ከላይብረሪውም በላይ ሌላ ላይብረሪ ይደራረባል። እኔ ግን ኮምፒውተር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለሚፈልግ ወጣት ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላውቅለትም፤ ላይብረሪውን ወደ ጎን ትቶ፣ ሶኬት ከፍቶ፣ ባይቶቹን በእጁ እየቆጠረ ኤክስ 11 ለሚባለው የማሳያ ሥርዓት ሰርቨር ይላክ። ድካሙ ያን ያህል አይደለም። የሚያስተምረው ግን ከግራፊክስ አልፎ ይሄዳል፤ በሁለት ማሽኖች መካከል ያለ ንግግር ለምን እንደሚፈጥንና ለምን እንደሚዘገይ ያሳያል።

ኤክስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በኤምአይቲ ነው። ቦብ ሻይፍለር ለምርምር ሥራው የማሳያ ሥርዓት አስፈልጎት ነበር። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ደብልዩ የሚባል የመስኮት ሥርዓት አገኘና ኮዱን መነሻ አደረገው። ብዙም ሳይቆይ ከጂም ጌቲስ ጋር ሆነው አቴና ለተባለው የተቋሙ ፕሮጀክት አሳደጉት። ሻይፍለር በደብልዩ ላይ ያደረገው ትልቁ ለውጥ ግን በዓይን የሚታይ አልነበረም። በደብልዩ አንድ ጥያቄ የላከ ፕሮግራም መልሱ እስኪመጣ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ሻይፍለር መጠበቁን አስቀረው።

ልጅ ወደ ሱቅ የላከ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ስኳር ብሎ ልኮ፣ ሲመለስ ጨው ብሎ፣ ሲመለስ ደግሞ ክብሪት ብሎ የሚልክ ሰው የልጁን እግር ይጨርሳል፤ ሦስቱንም ባንዴ የነገረው ግን በአንድ ምልልስ ይገላገላል። በኔትዎርክም ውዱ ነገር ምልልሱ ነው። በሁለቱ ማሽኖች መካከል ደርሶ መልስ 50 ሚሊሰከንድ የሚፈጅ ከሆነ፣ 200 ጥያቄዎችን እያንዳንዱን መልስ እየጠበቁ መላክ 10 ሙሉ ሰከንድ ይወስዳል። ሁለት መቶውንም አከታትሎ የላከ ሰው ከአንድ ምልልስ ብዙም ያልራቀ ጊዜ ይበቃዋል። በኤክስ 11 ውስጥ እንግዳ የሚመስሉ ውሳኔዎች አብዛኞቹ ከዚህ ስሌት የመጡ ናቸው።

እንግዲህ ወደ ባይቶቹ እንግባ። ፕሮግራሙና ሰርቨሩ በአንድ ማሽን ላይ ካሉ የሚገናኙት በዩኒክስ ሶኬት ነው። በኔትዎርክ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ማሳያ በፖርት 6000 ይገኛል፤ ዛሬ ግን ይህ በር ለደኅንነት ሲባል ካልከፈቱት በቀር ዝግ ነው። ሰርቨር ሲባል ሩቅ ያለ ትልቅ ማሽን ለሚታየው አንባቢ አንድ ነገር ላስታውስ፦ እዚህ ሰርቨሩ ያለው ተጠቃሚው የተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ክላይንቱ ነው ከሩቅ ማሽን ሊመጣ የሚችለው።

ክላይንቱ የሚልከው የመጀመሪያው ባይት ወይ 108 ወይ 66 ነው። 108 ከሆነ «ቁጥሮቼን ከትንሹ ባይት ነው የምጀምረው» ማለቱ ነው፤ 66 ከሆነ ከትልቁ። የተለያዩ ፋብሪካዎች ማሽኖች ቁጥርን በተለያየ ቅደም ተከተል ስለሚያስቀምጡ፣ ኤክስ ደግሞ ገና ከጅምሩ የዲኢሲንም የአይቢኤምንም ማሽኖች ማገናኘት ስለነበረበት፣ የማገላበጡ ሸክም በሰርቨሩ ላይ ተጣለ። ቀጥሎ አንድ ባዶ ባይት፣ ከዚያ በሁለት ባይት 11 የሚለው የፕሮቶኮሉ ቁጥር ይመጣል። ይህ ቁጥር ከ1987 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አልተለወጠም፤ በዚያ ዓመት የተጻፈ ክላይንት የሚልከውን ሰላምታ የዛሬው ሰርቨርም ያውቀዋል። ከዚያ በሁለት ባይት ዜሮ፣ ከዚያ የማረጋገጫው ዘዴ ስም ርዝመትና የምስጢሩ ርዝመት፣ በመጨረሻም ሁለት ባዶ ባይቶች ይከተላሉ። እስካሁን 12 ባይት ሆነ። የተለመደው ማረጋገጫ ኤምአይቲ ማጂክ ኩኪ 1 ይባላል፤ ስሙ 18 ባይት ነው፣ ምስጢሩ ደግሞ 16። በኤክስ ሁሉም ነገር በአራት ባይት ስለሚለካ 18ቱ በሁለት ባዶ ባይት ተሞልቶ 20 ይሆናል። ሰላምታው በጠቅላላው 48 ባይት ነው።

ሰርቨሩ ከተቀበለ የመልሱ የመጀመሪያ ባይት 1 ይሆናል፤ ካልተቀበለ 0፣ ተጨማሪ ማረጋገጫ ከፈለገ 2። ከ1 በኋላ ስለ ስክሪኑ ብዙ መረጃ ይከተላል፦ ስፋቱ፣ የቀለሙ ጥልቀት፣ የሁሉ መሠረት የሆነው መስኮት መለያ ቁጥር። ከእነዚህ ሁሉ መካከል እኔን ዘወትር የሚያስደንቁኝ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ የመለያ መነሻና የመለያ ገደብ።

መስኮት ለመፍጠር መለያ ቁጥር ያስፈልጋል። ማንም ሰው ይህን ሥርዓት ዛሬ ቢነድፈው መስኮቱን የፈጠረው ሰርቨር ቁጥሩንም ያወጣል፣ ለክላይንቱም ይነግረዋል ብሎ ያስባል። እንደዚያ ቢሆን ግን ክላይንቱ ቁጥሩ እስኪመጣለት ድረስ በመስኮቱ ላይ ምንም ማድረግ አይችልም ነበር፤ ምልልሱ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ኤክስ ነገሩን ገለበጠው። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ክላይንት ገና ሲገናኙ የራሱን የቁጥር ክልል ይሰጠዋል፤ ለምሳሌ ከ33554432 ጀምሮ ሁለት ሚሊዮን ያህል ቁጥሮች። ከዚያ በኋላ ክላይንቱ ከክልሉ ውስጥ ቁጥር መርጦ «በዚህ ቁጥር መስኮት ፍጠር» ይላል፤ መስኮቱ ገና ሳይፈጠርም በዚያው ቁጥር «አሳየው» የሚለውን ጥያቄ አስከትሎ ይሰዳል። ሰርቨሩ የአንድን ክላይንት ጥያቄዎች በመጡበት ተራ ስለሚፈጽም ሁለተኛው ጥያቄ ሲደርስ መስኮቱ አለ። ይህን የመሰለ ንጹሕ ሐሳብ በሶፍትዌር ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ አልገጠመኝም።

እያንዳንዱ ጥያቄ በአራት ባይት ይጀምራል። የመጀመሪያው ባይት የጥያቄው ኮድ ነው። ሁለተኛው እንደ ጥያቄው ዓይነት አንድ ትንሽ መረጃ ይይዛል። የመጨረሻዎቹ ሁለት የጥያቄውን ርዝመት ይናገራሉ፤ ርዝመቱ የሚቆጠረው ግን በባይት ሳይሆን በአራት አራት ባይት ነው፣ እነዚህንም መነሻ አራት ባይቶች ይጨምራል። መስኮት ፍጠር ኮዱ 1፣ አሳይ 8፣ የቀለምና የመስመር ቅንብር ፍጠር 55፣ አራት ማዕዘን ሙላ 70 ነው። በዋናው ፕሮቶኮል ውስጥ እንዲህ ያሉ 120 ጥያቄዎች አሉ፤ ከ128 ጀምሮ ያሉት ኮዶች በኋላ ለተጨመሩ ቅጥያዎች የተተዉ ናቸው።

ለጀማሪ የሚበቃውን እንቁጠር። የጀርባ ቀለምና የሚፈለጉትን ክስተቶች (ሰርቨሩ ወደ ክላይንቱ የሚልካቸውን ማሳወቂያዎች) የሚገልጽ መስኮት ፍጠር ጥያቄ 40 ባይት ነው፤ ስለዚህ ርዝመቱ 10 ተብሎ ይጻፋል። አሳይ የሚለው 8 ባይት ብቻ ነው፦ 8፣ 0፣ 2፣ 0፣ ከዚያ የመስኮቱ ቁጥር በአራት ባይት። ቀይ ቀለም የያዘ ቅንብር መፍጠር 20 ባይት ይፈጃል። ሦስቱም በአንድ ጊዜ በሶኬቱ ይላካሉ፤ 68 ባይት። ከዚያ ሰርቨሩ መስኮቱ ለዓይን መጋለጡን የሚያሳውቅ ክስተት ይልካል፤ ኮዱ 12 ነው። ያኔ አራት ማዕዘኑን የሚሞላው 20 ባይት ይከተላል። በ88 ባይት መስኮት ተከፍቶ በውስጡ ቀይ አራት ማዕዘን ተሣለ። ይህን በራሱ እጅ የላከ ሰው ሁለተኛ ጊዜ መስኮት ሲያይ ዓይኑ ሌላ ነው።

ርዝመቱን በባይት ቆጥሮ 10 በማለት ፈንታ 40 የጻፈ ጀማሪ ግን ምንም አይታየውም። ሰርቨሩ 160 ባይት ሊመጣ ነው ብሎ ይጠብቃል፤ ቀጥለው የመጡትን ጥያቄዎች ሁሉ የመጀመሪያው አካል አድርጎ ይውጣቸዋል። የስህተት መልእክት እንኳ አይደርስም።

የስህተት መልእክት በሚመጣበትም ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ አለመጠበቅ ዋጋ የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው። ከሰርቨሩ የሚመጣ ነገር ሦስት ዓይነት ነው፤ ስህተት፣ መልስና ክስተት። ስህተትና ክስተት 32 ባይት ናቸው፣ መልስም ቢያንስ ይህንኑ ያህል ነው። የመጀመሪያው ባይት 0 ከሆነ ስህተት፣ 1 ከሆነ መልስ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ክስተት ነው። የሌለ መስኮት ቁጥር ጽፈን ብንልክ ኮዱ 3 የሆነ ስህተት ይመጣል፤ እስከዚያ ግን ፕሮግራማችን ብዙ መስመር አልፎ ሄዷል። የትኛው ጥያቄ እንደከሸፈ የሚታወቀው በተራ ቁጥር ነው። የሚገርመው ይህ ቁጥር በጥያቄው ውስጥ አይጻፍም፤ ክላይንቱም ሰርቨሩም ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀምረው ለየብቻቸው ይቆጥራሉ። ሰርቨሩ ስህተት ሲልክ «የአንተ 37ኛው ጥያቄ» ብሎ ያመለክታል።

አንዳንዴ እስካሁን የላኩት ሁሉ መፈጸሙን ማረጋገጥ ግድ ይሆናል። ለዚህ የተለየ ጥያቄ የለም። ልማዱ መልስ ያለው ትንሽ ጥያቄ መላክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ኪቦርዱ አሁን ለማን እንደሚጽፍ የሚጠይቀው 43። መልሱ ማንንም አያስጨንቅም፤ ግን ሰርቨሩ በተራ ስለሚሠራ የ43 መልስ ከመጣ ከእሱ በፊት የነበረው ሁሉ አልቋል።

በዚህ ሁሉ ላይ የቆመው የድሮው ላይብረሪ ኤክስሊብ ነው። ጥያቄዎቹን በቋት ያጠራቅምና ባንድ ጊዜ ይልካል፤ አዲስ ተማሪ መስኮቱ አልታይ ሲለው ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቋቱ ሳይፈስ መቅረቱ ነው። ድክመቱ መልስ ያላቸውን ጥያቄዎች እንደ ተራ ፋንክሽን ማቅረቡ ነበር፤ ጠሪው ሳያውቀው ቆሞ ይጠብቃል። ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባርት ማሲ ያስጀመረው ኤክስሲቢ የተባለ ላይብረሪ መጠየቅንና መልስ መቀበልን ለየ፤ ሲጠይቁ የመልሱ ምልክት ወዲያው ይሰጣል፣ መልሱን ግን ሲፈልጉ ሄደው ይወስዱታል። ዛሬ ኤክስሊብ ራሱ ከሥሩ ኤክስሲቢን ይጠቀማል።

የግዕዝ ፊደልስ በዚህ መንገድ እንዴት ያልፋል? ሰርቨሩ የቁልፍ ክስተት ሲልክ ፊደል አይልክም፤ የቁልፉን ቁጥርና ሺፍት መያዙን ብቻ ይልካል። በተለመደው የሊኑክስ ኮምፒውተር የኤች ቁልፍ 43፣ የኢ ቁልፍ 26 ነው። ሴራ በሚባለው የአጻጻፍ ስልት 43 ሲመጣ ህ ይጻፋል፤ 26 ሲከተለው ህ ወደ ሀ ይለወጣል። ይህን ማስተዋል ከሰርቨሩ ውጭ፣ በሌላ ፕሮግራም የሚሠራ ሥራ ነው። ወደ ስክሪኑ ሲመለስም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። በዋናው ፕሮቶኮል ፎንቱ ያለው ሰርቨሩ ጋር ነበር፤ ክላይንቱ የፊደላቱን ቁጥር ይልካል፣ ሰርቨሩ ከራሱ ፎንት አውጥቶ ይሥላል። የተጠቃሚው ሰርቨር የግዕዝ ፎንት ከሌለው ፕሮግራሙ ምንም ማድረግ አይችልም። ኪት ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያቀረበው ሬንደር የተባለ ቅጥያ ይህን ቀየረ። አሁን ክላይንቱ የሀን ቅርጽ ራሱ አዘጋጅቶ አንድ ጊዜ ወደ ሰርቨሩ ይጭነዋል፤ ከዚያ በኋላ ሀ በተጻፈ ቁጥር የቅርጹን ቁጥር ብቻ ይልካል። ለአማርኛ ተጠቃሚ ከኤክስ ለውጦች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ይመስለኛል።

የኤክስ ትልቁ ድክመት በእምነት ላይ መቆሙ ነው። አንዴ የተገናኘ ክላይንት ሌላው ክላይንት ላይ የሚጻፈውን ቁልፍ ሁሉ ማዳመጥ፣ የሌላውንም መስኮት ምስል ማንሳት ይችላል። በ1984 በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህ አያስፈራም ነበር። ዛሬ የባንክ የይለፍ ቃል በሚጻፍበት ስክሪን ላይ ግን ልንታገሠው የሚገባ አይደለም።

ክርስቲያን ሆግስበርግ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው ዌይላንድ የተባለ አዲስ የማሳያ ፕሮቶኮል ይህን በር ዘጋ። የሥዕል ጥያቄዎችንም ከሥራቸው ነቀላቸው፤ ክላይንቱ ምስሉን በጋራ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ራሱ ሥሎ ሲያበቃ ለሰርቨሩ «ተዘጋጅቷል» ይለዋል። የሻይፍለር ውርስ ግን እዚህም አለ። ቁጥር የሚመርጠው አሁንም ክላይንቱ ነው። መልስ የሚባል ነገር ጭራሹን የለም፤ ጥያቄ ይሄዳል፣ ክስተት ይመጣል። ኪቦርዱ ለማን እንደሚጽፍ የሚጠይቀውን 43ን ለምርመራ መላክ ቀርቶ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ጥያቄ አለ። ስህተት ላይ ደግሞ ዌይላንድ ጨካኝ ነው፤ አንድ የፕሮቶኮል ስህተት የላከ ክላይንት ምክንያቱ ይነገረውና ግንኙነቱ ይቋረጣል። በኤክስ ስህተቱን ተቀብሎ መቀጠል የለመዱ ፕሮግራመሮች በዚህ ያማርራሉ። እኔ ግን ከዌይላንድ ጋር ነኝ፤ በሺህ ጥያቄ መካከል የጠፋን አንድ ስህተት በተራ ቁጥር ሲያሳድዱ ከማደር ፕሮግራሙ እዚያው ቢቆም ይሻላል።