ሕፃን ሲያለቅስ ምን እናድርግ?

ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ቤት ውስጥ የአንድ ወር ልጅ ያለቅሳል። እናቱ አጥብታዋለች፣ ሒቱሉን ቀይራለታለች፣ አቅፋው ክፍሉን ደጋግማ ተመላልሳለች። ልጁ ግን ዝም አላለም። ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ይመታል። አባትየው ገና ጎሕ ሲቀድ ለሥራ መነሳት አለበት። እናትየዋም «ወተቴ አልበቃው ይሆን? ወይስ እኔ ነኝ ያላወቅሁበት?» እያለች ራሷን ትወቅሳለች።

ውድ ወላጆች! በቅርቡ ወደ እስራኤል ከገባችሁት መካከል ይህን ሌሊት የማታውቁት ጥቂቶች ናችሁ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሕፃን ለምን እንደሚያለቅስ፣ እንዴት እንደሚባበል፣ መቼስ ወደ ሐኪም መሮጥ እንደሚገባ እንገልጻለን።

አገር ቤትና እዚህ

በአገራችን ሳለን የወለደች ሴት በአራስ ጎጆ ትቆይ ነበር። በኦሪቱ ሕግ መሠረት ወንድ የወለደች 40 ቀን፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ትቀመጣለች። በዚያ ጊዜ ዘመዶቿ ምግቧን ያቀርቡላታል፤ ውኃ ከመቅዳትና እንጀራ ከመጋገር ታርፋለች፤ ሥራዋ ልጇን ማጥባትና ማቀፍ ብቻ ነበር። የምትመክራትም ትልቅ ሴት ከአካባቢዋ አትጠፋም።

እዚህ ግን እናት ከወለደች ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ከሆስፒታል ወደ ቤቷ ትመለሳለች። እናቷ ምናልባት ገና ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ናት። ባሏ በሥራ ላይ ነው፣ ሌሎቹ ልጆች ከትምህርት ቤት ይመለሳሉ፣ ኡልፓንም ይጠብቃታል።

የሕፃናት ለቅሶ እየበረታ የሚሄደውም በዚሁ ጊዜ ነው። በ1962 ብራዝልተን የተባሉ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም 80 ጤነኛ ሕፃናትን ተከታትለው ነበር። ለቅሶው ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ እየጨመረ ሄዶ በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ በቀን ወደ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይደርስ ነበር፤ ከዚያም ቀነሰ። ስድስት ሳምንት ማለት 42 ቀን ነው። እናት የአራስ ጎጆውን 40 ቀን የምትጨርሰውም ያን ጊዜ ገደማ ነው። ለቅሶው ያኔም ነበረ፤ እናትየዋ ግን ሌላ ሥራ አልነበረባትም። ስለዚህ ልጅሽ አብዝቶ ቢያለቅስ ክፉ እናት ነሽ ማለት አይደለም። የጎደለው በዙሪያሽ የነበረው እርዳታ ነው።

ሕፃን የሚያለቅስበት ምክንያት

«ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም» ይባላል። የሕፃን ቋንቋው ለቅሶ ነውና በመጀመሪያ የሚጠይቀውን ለማወቅ እንሞክር። ርቦት ይሆን? ሒቱሉ ረጥቦ ይሆን? አየር ውጦ ሆዱ ተነፍቶ ይሆን? ሞቆት ወይም በርዶት ይሆን? ደክሞት እንቅልፍ እምቢ ብሎት ይሆን? ልብሱ ወይም ክር ጣቱን አጥብቆ ይዞት ይሆን? ሙቀቱን ለማወቅ እጁን ሳይሆን ማጅራቱን ንኩ። በእስራኤል በጋ ሕፃንን በጋቢ መጠቅለል ወይም ፊቱን በነጠላ መሸፈን አደገኛ ነው።

ሁሉም ተሟልቶለት በተለይ አመሻሹ ላይ የሚያለቅስ ሕፃንም አለ። ፊቱ ይቀላል፣ እግሮቹን ወደ ሆዱ ይሰበስባል። ሐኪሞች በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ከሦስት ቀን በላይ፣ ለሦስት ሳምንት የሚዘልቀውን ለቅሶ «ኮሊክ» ይሉታል። ልጁ የሚጠባና ክብደት የሚጨምር ከሆነ ይህ በሽታ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር ይተዋል።

አንቀልባውን አትጣሉት

አንዳንድ እናቶች እዚህ ሲደርሱ «በጀርባ ማዘል የድሮ ነው፤ በጋሪ ይሻላል» ሲባሉ ሰምተው አንቀልባቸውን ሣጥን ውስጥ ከተዋል። በ1986 ሞንትሪያል ውስጥ 99 እናቶችና ሕፃናት የተካፈሉበት ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ልጃቸው ባያለቅስም በየቀኑ ለብዙ ሰዓት ያቀፉት ወይም ያዘሉት እናቶች ልጆች በስድስተኛው ሳምንት ከሌሎቹ በ43 በመቶ ያነሰ አለቀሱ። እውነቱን ለመናገር፣ ኮሊክ ከጀመረ በኋላ ማዘል ብቻውን አያቆመውም። ሆኖም እናቶቻችን ሕፃንን ከሰውነታቸው አለመለየታቸው ጥበብ ነበር።

ስታዝሉ የልጁ አፍና አፍንጫ ነፃ ይሁን፣ አገጩ ከደረቱ አይጣበቅ፣ ጭንቅላቱም ይደገፍ። አንገቱ እስኪጠና ድረስ በደረት በኩል መያዝ ይሻላል። ልጅ አዝላችሁ ምድጃ አጠገብ አትሥሩ።

ሌሎችም የሚረዱ ነገሮች አሉ፦
— ካጠባችሁት በኋላ ትከሻችሁ ላይ አድርጋችሁ ጀርባውን ቀስ ብላችሁ በመምታት እንዲያገሳ አድርጉ።
— መብራቱንና ቴሌቪዥኑን ቀንሱ። እሹሩሩ እያላችሁ በዝግታ አወዛውዙት። የለመደው ድምፅ የእናንተ ነውና በአማርኛ ወይም በትግርኛ አዚሙለት።
— በ2022 የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ጥናት የሚያለቅስን ሕፃን አቅፎ ለ5 ደቂቃ ያህል ሳይቋረጥ መራመድን፣ እንቅልፍ ሲወስደው ከ5 እስከ 8 ደቂቃ እንደታቀፈ ተቀምጦ መቆየትን፣ ከዚያ በኋላ ማስተኛትን ይመክራል። ቶሎ ሲያስተኙት ብዙ ጊዜ ይነቃል።
— ሁልጊዜ በጀርባው አስተኙት። አልጋው ላይ ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና መጫወቻ አይኑር። ሶፋ ላይ ታቅፋችሁት አትተኙ።

ይህን ግን አታድርጉ

ቅቤ፣ ስኳር በውኃ፣ አብሽና ጤና አዳም ለሆድ ቁርጠት ሲሰጡ ኖረዋል። እስከ ስድስት ወር ግን ሕፃን ከእናት ጡት ወይም በትክክል ከተበጠበጠ የዱቄት ወተት ሌላ ምግብም ሆነ መጠጥ አያስፈልገውም። ማር አንድ ዓመት ሳይሞላው በፍጹም አይሰጥ፤ ከባድ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል። መድኃኒትም ሐኪም ሳይጠየቅ አይሰጥ።

ልጅ ሲያለቅስ፣ ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው «የወተት ጥርሱ ነው» ብሎ ድዱን ቀድዶ ማስነቀል ወይም እንጥል ማስቆረጥ ጉዳቱ ትልቅ ነው። ድዱ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚታየው ትል ሳይሆን ያልወጣ ጥርስ ነው። መነቀሉ ደም ያፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ከሥር ያለውንም ቋሚ ጥርስ ሊያበላሽ ይችላል። የእስራኤል የጥርስ ሐኪሞች በ1990ዎቹ ከኢትዮጵያ የመጡ ብዙ ሕፃናት ክራንቻ ጥርስ ጎድሏቸው አግኝተዋል። ወላጆቻችን ይህን ያደረጉት ልጃቸውን ለማዳን ነበር። እኛ ግን አሁን ሐኪም በቅርባችን አለ።

ከሁሉም በላይ ሕፃንን በንዴት አትነቅንቁ። ጭንቅላቱ ከባድ፣ አንገቱ ደካማ ነውና ጥቂት ሰከንድ መነቅነቅ አንጎሉን ያደማል፤ ዓይኑን ያጠፋል፤ ሊገድለውም ይችላል። ትዕግሥታችሁ ሲያልቅ ልጁን በጀርባው አልጋው ላይ አስተኙት፣ በሩን ገርበብ አድርጉ፣ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ውጡ። ውኃ ጠጡ፣ ዘመድ ጋ ደውሉ። ለጥቂት ደቂቃ ብቻውን ያለቀሰ ልጅ አይጎዳም። አባቶችም ተረዱን፤ እዚህ አገር አራስ ጎጆም አማትም የለችምና የአንድ ሌሊት ተራ የእናንተ ነው።

ሐኪም ጋ መቼ እንሂድ?

ዕድሜው ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕፃን ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገይ ይታይ። አረንጓዴ ካስመለሰው፣ ሰገራው ውስጥ ደም ካለ፣ አልጠባም ካለ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ እርግብግቢቱ ካበጠ፣ ከዛለ ወይም ለቅሶው ከወትሮው የተለየ የሲቃ ጩኸት ከሆነም ወደ ሐኪም ውሰዱት። መተንፈስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ካንቀጠቀጠው ለማጌን ዳቪድ አዶም በ101 ደውሉ።

ለሌላው ነገር ሁሉ ቲፓት ሐላብ አለ። ትርጉሙ «የወተት ጠብታ» ነው። እዚያ ያለችው አኾት ልጁን ትመዝናለች፣ ትከትባለች፣ ስለ ለቅሶውም ታማክራለች። «አንቺስ እንዴት ነሽ? ታዝኛለሽ? እንቅልፍ ታገኛለሽ?» ብላ ብትጠይቅሽ አትፈሪ፤ ሌሎች እናቶችንም የምትጠይቀው ነው። ከወለድሽ በኋላ ኀዘን ከሁለት ሳምንት በላይ ካልለቀቀሽ በግልጽ ንገሪያት፤ ሕክምና አለው። አማርኛ የሚናገር መጋሼር ካለ ጠይቁ። ትልቁን ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ ለልጅ የማይነገር ነገር አለና።

ለአኾቷ የሚነገሩ ቃላት

ሁ ቦኼ — ያለቅሳል (ለሴት ልጅ፦ ሂ ቦኻ)
የሽ ሎ ሖም — ትኩሳት አለው (ለሴት ልጅ፦ የሽ ላ ሖም)
ሁ ሎ ኦኼል — አይበላም፣ አይጠባም (ለሴት ልጅ፦ ሂ ሎ ኦኼሌት)
ሁ መኪ — ያስመልሰዋል (ለሴት ልጅ፦ ሂ መኪአ)
አኒ ፅሪኻ ዕዝራ — እርዳታ እፈልጋለሁ (ሴት ስትናገር)

በመጨረሻም ለጎረቤቶች አንድ ቃል እንጨምር። ከላይ ቤት ሕፃን ሲያለቅስ ከሰማችሁ ጣሪያ አትምቱ። በሩን አንኳኩና «ልጁን ለአንድ ሰዓት ልያዝልሽ፣ አንቺ ተኚ» በሉ። አገር ቤት ያደረግነው ይህንኑ ነበር። እግዚአብሔር ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ።