አበዳሪውን የረታ ተበዳሪ

ተሰጥኦውን ብቻ በመያዣነት ለሚያቀርብ የፋብሪካ ሠራተኛ ማን ያበድራል? እንግሊዛዊው የዳርት ተጫዋች ፊል ቴይለር አበዳሪ አግኝቶ ነበር። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዳርት ትንንሽ ፍላጻዎች በክብ ሰሌዳ ላይ የሚወረወሩበት የመጠጥ ቤት ጨዋታ ነው። ቴይለር በ1980ዎቹ በስቶክ ኦን ትሬንት በሴራሚክ ፋብሪካ በሳምንት 52 ፓውንድ እየተከፈለው ይሠራ ነበር። አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኤሪክ ብሪስቶው ችሎታውን አይቶ ወደ 10,000 ፓውንድ አበደረው፤ ግዴታው ሥራውን ለቆ ሙሉ ጊዜውን ለውርወራ እንዲሰጥ ነበር።

በ1990 የዓለም ሻምፒዮና አወራራጆች ለቴይለር 125 ለ1 ዋጋ አወጡለት። ማለትም በእርሱ ላይ 1 ፓውንድ ያስያዘ 125 ያተርፋል። በፍጻሜው የጠበቀው አበዳሪው ነበር። 6 ለ1 ረትቶ 24,000 ፓውንድ ወሰደ። ብሪስቶውን «ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ» የሚያሰኝ ነው።

ችግሩ ገበያው ጠባብ መሆኑ ነበር። ቴሌቪዥን ጨዋታውን ሲተው ስፖንሰሮችም ሸሹ። ስለዚህ ሁለቱን ጨምሮ 16 ታዋቂ ተጫዋቾች በ1992 የራሳቸውን ድርጅት መሠረቱ። በመጀመሪያ የከፈሉት ዋጋ ቀላል አልነበረም፤ በ1994 የነባሩ ማኅበር ሻምፒዮን 32,000 ፓውንድ ሲያገኝ የተገንጣዮቹ ሻምፒዮን ያገኘው 16,000 ብቻ ነው። ይሁንና ጨዋታቸውን የክፍያ ቴሌቪዥን ለሆነው ስካይ ሸጡ፤ ተመልካች መጣ፣ ሽልማቱም አደገ። ነባሩ ማኅበር በ2020 ፈረሰ።

ቴይለር 16 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2018 የመጨረሻ ፍጻሜው ቀድሞ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በነበረው በሮብ ክሮስ 7 ለ2 ተሸነፈ። ለሁለተኛነቱ የተከፈለው 170,000 ፓውንድ፣ የዋጋ ንረት ሳይታሰብ፣ በ1990 አሸንፎ ካገኘው ሰባት እጥፍ ነው። በ2025 የ17 ዓመቱ ሉክ ሊትለር 500,000 ፓውንድ አሸንፏል።

ይህ ማለት ግን ሙያው የተረጋጋ ገቢ አለው ማለት አይደለም። በድርጅቱ ዋና ሰንጠረዥ ደረጃ የሚወጣው በሽልማት ገንዘብ ድምር ነው፤ ሁለት ዓመት የሞላው ሽልማት ከሒሳቡ ይሰረዛል። ከ64ኛ በታች የወረደ ፈቃዱን ሊያጣና እንደገና በማጣሪያ ሊወዳደር ይችላል። ደመወዝም የለም።

ብሪስቶው ዋንጫውን ቢያጣም የሰው ምርጫው ትክክል ነበር። 10,000 ፓውንዱ ተጫዋች አፍርቷል፤ ተጫዋቹን ባለሀብት ያደረገው ግን ተወዳዳሪዎቹ አብረው የከፈቱት ገበያ ነው።