ከቦዩ ዳር ሳር ሲታጨድ የታሰረችው ጀልባ ምን ይደርስባታል?

እስኪ በጥያቄ እንጀምር። ሳር ማጨድ ማንን ይጎዳል? «ማንንም» ካላችሁ አልፈርድባችሁም፤ እኔም እስከ አምና ድረስ መልሴ ይኸው ነበር።

የምማረው እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ከተማ ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲ የምሄደው በእግሬ ነው፤ መንገዴም በአንድ ሰው ሠራሽ የውኃ ቦይ ዳር ያልፋል። አምና በሰኔ ወር አንድ ጠዋት፣ አንድ ሠራተኛ ማሽን በትከሻው አንግቶ የመንገዱን ዳር ሳር ያጭዳል። ከእሱ ሁለት ሜትር ያህል ርቃ አንዲት ረጅምና ጠባብ ጀልባ ታስራለች። በማሽኑ ጩኸት መሀል «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው አንዲት ሴትዮ ከጀልባዋ ብቅ አሉና መስኮታቸውን በጣታቸው ዳሰሱ። መስታወቱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰንጥቋል። ሠራተኛው ማሽኑን አጥፍቶ ይቅርታ ጠየቃቸው።

የገረመኝ ነገር ሰውየው ግዴለሽ አለመሆኑ ነው። ፊቱን በመከላከያ ሸፍኗል፤ የሚሠራውም ቀስ ብሎ ነው። ታዲያ መስታወቱ ለምን ተሰነጠቀ? መልሱ ያለው በሰውየው ጠባይ ሳይሆን በርቀትና በፍጥነት ስሌት ውስጥ ነው።

ለፈረስ የተሠራ መንገድ

የእንግሊዝ ቦዮች አብዛኞቹ የተቆፈሩት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽና በ19ኛው መጀመሪያ ላይ፣ የድንጋይ ከሰልና ሌላ ሸቀጥ ለማጓጓዝ ነው። ያኔ ጀልባ ሞተር አልነበራትም። አንድ ፈረስ ከቦዩ ዳር እየተራመደ በረጅም ገመድ ይጎትታታል። ውኃ ላይ የሚገጥመው ሰበቃ አነስተኛ ስለሆነ አንድ ፈረስ ወደ 30 ቶን የሚጠጋ ጭነት መጎተት ይችል ነበር። ከቦዩ ጎን ያለው ጠባብ መንገድ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ስሙም እስከ ዛሬ «የመጎተቻ መንገድ» ነው።

በዚያ ዘመንም ዳሩ መጽዳት ነበረበት። ቁጥቋጦ ካደገ ገመዱን ይይዘዋላ! የገመዱ ጥንካሬ ቀላል አልነበረም። በአሮጌ ድልድዮች ማዕዘን ላይ ገመዱ በዓመታት ብዛት የቦረቦረው ጎድጓዳ መስመር አሁንም ይታያል።

ዛሬ ፈረሱ የለም፤ ጀልባዎቹ ግን አሉ። በእንግሊዝና በዌልስ 3,200 ኪሎ ሜትር የሚያህል የውኃ መንገድ የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት የተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረ የበጎ አድራጎት ተቋም ነው። በነዚህ መንገዶች ላይ ፈቃድ ያላቸው ከ30 ሺህ በላይ ጀልባዎች አሉ። ብዙ ሰዎችም ዓመቱን ሙሉ እዚያው ይኖራሉ። ይሄንን ልብ በሉት፤ የተሰነጠቀው የመዝናኛ ዕቃ መስኮት ሳይሆን የሰው ቤት መስኮት ነው።

በሞተር የሚሠራ ወንጭፍ

ማማ ላይ ቆሞ ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፉን ሲያሽከረክር አስቡት። የገመዱን አንድ ጫፍ በለቀቀ ቅጽበት ድንጋዩ መዞሩን ትቶ ቀጥ ብሎ ይወነጨፋል። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ «ታካኪ መስመር» የምትሉት አቅጣጫ ይኸው ነው።

የሳር ማጨጃው ደግሞ ጫፉ ላይ የሚሽከረከር ወፍራም የናይለን ክር አለው። ጠጠሩን እንደ ወንጭፍ ይዞ አያዞረውም፤ በመንገዱ ሲያገኘው ይመታዋል። የሚሰጠው ግፊት ግን በአብዛኛው በዚያው በታካኪው አቅጣጫ ነው።

አሁን እናስላ። ክሩ 20 ሴንቲ ሜትር ቢረዝምና በደቂቃ 7,000 ጊዜ ቢዞር፣ ጫፉ በአንድ ዙር 1.26 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሰከንድ 117 ጊዜ ያህል ይዞራል። ሁለቱን ስታባዙ በሰከንድ 147 ሜትር ገደማ ታገኛላችሁ። በሰዓት ሲሆን ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል!

ክሩ ቀላልና ተጣጣፊ ስለሆነ ጠጠሩ ይህን ፍጥነት በሙሉ አይወስድም። እንበልና አንድ ሦስተኛውን ብቻ፣ በሰከንድ 50 ሜትር ያህል ወሰደ። ጠጠሩ 5 ግራም ቢመዝን የእንቅስቃሴ ጉልበቱ 6.25 ጁል ነው። አንድ ኪሎ ስኳር ከ64 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ቢወድቅ ከሚኖረው ጉልበት ጋር እኩል ነው ማለት ነው። ልዩነቱ የስኳሩ ጉልበት በሰፊ ቦታ ላይ ሲበተን፣ የጠጠሩ ግን በአንዲት ሹል ጫፍ ላይ ማረፉ ነው። መስታወት የሚሰነጠቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

15 ሜትር የት ይገኛል?

የነዚህ ማሽኖች መመሪያ ብዙ ጊዜ «ሌላ ሰው በ15 ሜትር ውስጥ አይገኝ» ይላል። ቁጥሩ እንዲያው የተጻፈ አይደለም። አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስኮት ከማሽኑ 2 ሜትር ላይ ቢሆን፣ ከማሽኑ ሲታይ 28 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። 15 ሜትር ላይ ሲሆን ግን ከ4 ዲግሪ ያነሰ ነው። በየትኛውም አቅጣጫ ሊወነጨፍ የሚችል ጠጠር መስኮቱን የማግኘቱ ዕድል ሰባት እጥፍ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው። በዚያ ላይ ከመሬት አቅራቢያ በዝቅታ የሚነሳ ጠጠር 15 ሜትር ሳይደርስ መሬት ይነካል።

ችግሩ የመጎተቻው መንገድ ስፋት በብዙ ቦታ ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ብቻ መሆኑ ነው። በአንድ በኩል አጥር ወይም ቁጥቋጦ፣ በሌላው በኩል ጀልባ። አላፊ አግዳሚውን «ቆይ» ብሎ ማስቆም ይቻላል። የታሰረች ጀልባ ግን ዘወር አትልም። ውስጥ ያለው ሰውም ለመሸሽ ጊዜ የለውም፤ በሰከንድ 50 ሜትር የሚበር ጠጠር 2 ሜትሩን የሚጨርሰው ከዓይን ጥቅሻ በፊት ነው።

«ታዲያ ለባለ ጀልባው ቀድሞ አይነገረውም?» ትሉ ይሆናል። ቋሚ ማሰሪያ ቦታ የሌላቸው ጀልባዎች በሕጉ መሠረት አንድ ቦታ ላይ በተከታታይ ከ14 ቀን በላይ መቆየት አይችሉም። ዛሬ እዚህ ያለችው ጀልባ የአጨዳው ቀን ሲደርስ የት እንደምትሆን ማን ያውቃል?

ሳሩ ራሱስ?

ጠጠር ባይኖርም ጉዳዩ አያልቅም። እርጥብ ሳር ብረት ላይ ሲያርፍ በመሀላቸው ያለው ስስ የውኃ ሽፋን ያጣብቀዋል። ቤት ውስጥ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ እርጥብ ቅጠል ድስት ክዳን ላይ አድርጉና ክዳኑን ገልብጡት፣ አይወድቅም። ሲደርቅ ደግሞ ጭማቂው እንደ ሙጫ ይይዘዋል። ባለቤቱ ፈቅፍቆ ሲያነሳው ቀለሙ ይጫራል። የነዚህ ጀልባዎች አካል ብረት ስለሆነ የተጫረው ቦታ የዝገት በር ይሆናል።

ብዙዎቹ ጣሪያቸው ላይ ሶላር ፓኔል አላቸው። የፓኔሉ ሴሎች በተከታታይ የተያያዙ ናቸው፤ እንደ አንድ ረጅም ቧንቧ፣ አንድ ቦታ ላይ ሲጠብ በሌላውም የሚያልፈው ይቀንሳል። ብዙ ፓኔሎች ይህን የሚያለዝብ መላ ቢኖራቸውም፣ አንድ እፍኝ ሳር ከሚሸፍነው ቦታ የበለጠ ኃይል ሊያሳጣ ይችላል።

ውኃው ላይ የወደቀው ሳርም የትም አይሄድም፤ የቦይ ውኃ የቆመ ያህል ነውና። ረጃጅሙ ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል። ያኔ ባለ ጀልባው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለውን ክዳን ከፍቶ፣ እጁን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከትቶ መፍታት አለበት። የቀረው ሲበሰብስ ለዓሣዎቹ የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ይሻማል።

እንግዲያው አይታጨድ?

እሱም አያዋጣም። ጀልባ የምትታሰረው መሬት ላይ በተመቱ የብረት ካስማዎች ነው። ሳሩ ወገብ ላይ ሲደርስ ካስማውና ገመዱ ይደበቃሉ፤ ብስክሌተኛው ይደናቀፋል፤ ለመታሰር የሚመጣውም ሰው የቦዩ ጠርዝ የት እንደሆነ ሳያይ ይዘላል። አጫጁም ያላየውን ገመድ ሊቆርጥ ይችላል።

በሌላ በኩል ደግሞ ጠርዙ ላይ ያለው ሳር ሥሩ አፈሩን ይዞ፣ ጀልባ ስታልፍ የሚነሳው ማዕበል ዳሩን እንዳይበላው ይከላከላል። ስለዚህ ጥያቄው «ይታጨድ ወይስ አይታጨድ» ሳይሆን «የት፣ መቼ፣ በምን» ነው።

ከምህንድስና አንጻር አራት ነገሮች ማድረግ ይቻላል። አንደኛ፣ ጀልባ በታሰረበት ቦታ አንድ ሜትር ያህል ሳይነኩ መተው፤ እሷን ባለ ጀልባው በእጅ መቀስ ይጨርሳታል። ሁለተኛ፣ የመሄጃ አቅጣጫን መምረጥ። ከላይ ሲታይ ወደ ግራ የሚዞር ማሽን በፊት ለፊቱ ያገኘውን ወደ ግራ ይወረውራል፤ ስለዚህ ጀልባዋን በቀኝ አድርጎ መሄድ ይሻላል። ሦስተኛ፣ የማጨጃውን ከፍታ ጨመር ማድረግ፤ ጠጠር ያለው መሬት ላይ እንጂ ሳሩ አናት ላይ አይደለም። አራተኛ፣ ጀልባ አጠገብ ሲደረስ እንደ መቀስ ወዲያ ወዲህ የሚል ምላጭ ያለው ማሽን መጠቀም። ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ጠጠር አይወነጭፍም።

የመጨረሻውን ሳስበው አያቴ የሚያጭዱበት ማጭድ ትዝ ይለኛል። ማጭድ ጠጠር ወርውሮ የማንንም መስኮት አይሰብርም። 3,200 ኪሎ ሜትር በማጭድ እንጨድ ማለቴ አይደለም፤ እሱ አይሆንም። ግን ሥራን ለማፍጠን የጨመርነው እያንዳንዱ ዙር በደቂቃ አብሮት ርቀት ይጠይቃል። ርቀቱ ከሌለ ደግሞ መቀነስ ያለበት ፍጥነቱ ነው።

ሴትዮዋ መስኮታቸውን በማግስቱ በፕላስቲክ ለጥፈውት አየሁ። ከሳምንት በኋላ ሳልፍ ጀልባዋ ሄዳለች። የታሰረችበት ቦታ ላይ ሳሩ አጭርና እኩል ሆኖ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ያምር ነበር።