የሞተችው ድመት የምስክር ወረቀት

እ.ኤ.አ. በ2004 ብሪታኒያዊው ሐኪምና ጸሐፊ ቤን ጎልዳከር 60 ዶላር ከፍለው ከአንድ የአሜሪካ የሥነ ምግብ አማካሪዎች ማኅበር የሙያ አባልነት ምስክር ወረቀት አወጡ። ወረቀቱ የወጣው በሔንሪየታ ስም ነው፤ ሔንሪየታ ድመታቸው ነበረች፤ ያውም የሞተች።

ነገሩ ያስቃል፤ ያሳየው ክፍተት ግን ዛሬም አልተዘጋም። በብሪታንያ «ኒውትሪሽኒስት» የሚለውን መጠሪያ ማንም ቢጠቀምበት ሕግ አይከለክለውም። «ዳይቲሺያን» ግን በሕግ የተጠበቀ ማዕረግ ነው፤ በጤናና እንክብካቤ ሙያዎች ምክር ቤት መዝገብ ላይ ሳይሰፍር የሚጠራበት ሰው በወንጀል ሊከሰስ ይችላል። መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ስም አስገብቶ ማጣራት የደቂቃ ሥራ ነው። በአሜሪካ ሕጉ በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል፤ «የተመዘገበ ዳይቲሺያን» ለመባል ግን ቢያንስ 1,000 ሰዓት የተግባር ልምምድና ብሔራዊ ፈተና ግድ ነው፤ ከ2024 ወዲህ ለፈተናው የሚቀርቡ አዲስ ተመራቂዎች ሁለተኛ ዲግሪም ይጠየቃሉ።

ልዩነቱ የወረቀት ብቻ አይደለም። ጎመንን እንውሰድ። በቫይታሚን ኬ የበለጸገ፣ ለብዙዎች የሚበጅ ምግብ ነው። ዋርፋሪን የተባለውን የደም መርጋት መከላከያ የሚወስድ ሰው ግን ድንገት በየማለዳው የጎመን ጭማቂ መጠጣት ቢጀምር፣ ቫይታሚኑ የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚያዳክመው ደሙ ሊረጋ ይችላል። የለመደውን ጎመን በአንድ ጊዜ ቢተው ደግሞ የመድማት አደጋ ይከተላል። ስለዚህ ዳይቲሺያኑ ምግብ ከመምከሩ በፊት ታካሚው የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ይጠይቃል። ካሜራ ፊት ቆሞ ለሺዎች የሚናገር ሰው፣ የቱንም ያህል የተማረ ቢሆን፣ ይህን መጠየቅ አይችልም።