የአደን ጉዞ፦ ውሎ መመለስ ወይስ በመስክ ማደር?

በዴሳ፦ የትላልቅ የዱር እንስሳት አደን በአገራችን ረጅም ታሪክ ያለው ተግባር ነው። ቀደም ባሉት ዘመናት አንበሳ፣ ጎሽ ወይም ዝሆን ግዳይ የጣለ አዳኝ በየአካባቢው የክብር ስፍራ ይሰጠው ነበር። ዛሬ ግን አደን የጀግንነት መለኪያ መሆኑ ቀርቶ በሕግ፣ በፈቃድና በኮታ የሚመራ ሆኗል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና እርሱን ተከትሎ የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 163/2000 ለዚህ ሥርዓት መሠረት የጣሉ ሕጎች ናቸው።

ፈቃድ ያገኘ አዳኝ ወደ መስክ ከመውጣቱ በፊት ሊወስናቸው ከሚገቡ ጉዳዮች አንዱ የጉዞው ዓይነት ነው። ማለዳ ወጥቶ ማታ ወደ ከተማ መመለስ አንደኛው አማራጭ ሲሆን፣ ስንቅና ድንኳን ይዞ በሥፍራው ማደር ሁለተኛው ነው። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲታይ የምቾት ጥያቄ ይመስላል። ይሁን እንጂ እንስሳው በአግባቡ ተለይቶ መመታቱን፣ ከቆሰለም ተፈልጎ መገኘቱንና ሥጋው አለመባከኑን የሚወስን በመሆኑ፣ በየደረጃው የሚገኙ የመንግሥት ሠራተኞችም ሊገነዘቡት የሚገባ ነው።

የመጀመሪያው መመዘኛ የእንስሳው የዕለት ኑሮ ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ጀምበር ከጠለቀች በኋላም ፈጥኖ ይጨልማል። እንደ ድኩላና አጋዘን ያሉ እንስሳት በብዛት የሚሰማሩት በማለዳና በአመሻሽ ላይ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ወደ ጥሻና ወደ ጥላ ይገባሉ። በመሆኑም ከከተማ ተነስቶ ረፋዱ ላይ የሚደርስ አዳኝ የማለዳውን ጊዜ ያጣል፤ ከመምሸቱ በፊት ለመመለስ ሲል ደግሞ የአመሻሹን ጊዜ ይተዋል። በመስክ የሚያድር ግን ሁለቱንም ያገኛል።

ሁለተኛው መመዘኛ የእንስሳው ክብደት ነው። የምኒልክ ድኩላ ከ80 ኪሎ ግራም እምብዛም ስለማይበልጥ፣ መንገድ ቅርብ ከሆነ ጥቂት ሰዎች በዕለቱ አውጥተው ሊመለሱ ይችላሉ። በአንጻሩ በአርሲና በባሌ ከፍተኛ ቦታዎች የሚኖረው ብርቅዬው የደጋ አጋዘን፣ ወንዱ ከ180 እስከ 300 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይህን የሚያህል እንስሳ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ጥቅጥቅ ያለ የአስታ ጫካ ማውጣት በቅሎ ወይም ፈረስ፣ የሰው ጉልበትና በቂ ጊዜ ይጠይቃል።

ሦስተኛው የቦታው ጠባይ ነው። ለዚህም የዳሞት ወይዴ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን የበዴሳን አካባቢ መልክዓ ምድር በምሳሌነት መመልከት ይቻላል። ከከተማዋ በስተምሥራቅ መሬቱ ወደ ብላቴ ወንዝ ሸለቆ ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ ወንዙም ወደ አባያ ሐይቅ ይፈሳል። እንዲህ ባለ ቆላማ ሥፍራ የሚያድር ሰው የወባን መከላከያና አጎበር ማሰብ ይኖርበታል። ጉማሬ ሌሊት ከውኃ ወጥቶ ስለሚግጥ ድንኳን ከሐይቅና ከወንዝ ዳር ርቆ መተከል አለበት። አንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ውኃ ቢያስፈልገው፣ ለሦስት ቀን 12 ኪሎ ግራም ውኃ ብቻ መሸከም ግድ ይሆናል። በቆላ ሙቀት ሥጋ ፈጥኖ ስለሚበላሽ፣ ለማደር የወሰነ ሰው ሥጋው ወዲያው ተበልቶ ወይም ለአካባቢው ነዋሪ ተከፋፍሎ የሚያልቅበትን መንገድ አስቀድሞ ማዘጋጀት አለበት። በደጋው በኩል ደግሞ ሥጋው ይቆያል፤ የሌሊቱ ቁርና ዝናብ ግን በቂ ልብስና ጥሩ ድንኳን ይጠይቃል።

ከሁሉም በላይ ክብደት ሊሰጠው የሚገባው የቆሰለ እንስሳ ጉዳይ ነው። በአመሻሽ ላይ የተመታ እንስሳ ወዲያው ካልወደቀ ዱካውን ተከትሎ ማግኘት የአዳኙ ግዴታ ነው። በጨለማ መከታተል አደገኛ በመሆኑ ፍለጋው በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መቀጠል ይኖርበታል። ወደ ከተማ ለመመለስ የሚጣደፍ አዳኝ ግን ዱካውን ትቶ ይሄዳል። የተተወው ድኩላ ከሆነ እንስሳው በከንቱ ይጠፋል፤ ጎሽ ወይም ነብር ከሆነ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ከብቱን ይዞ የሚወጣው እረኛ ለአደጋ ይጋለጣል። ስለዚህ ውሎ ለመመለስ ያቀደ አዳኝ ከሰዓት በኋላ የሚተኩስበትን የመጨረሻ ሰዓት አስቀድሞ መወሰንና ከዚያ በኋላ አለመተኮስ ይገባዋል።

ማደር ሲባል ግን ወጪና ጫና የለበትም ማለት አይደለም። ለማገዶ ሲባል ዛፍ ይቆረጣል፣ ቆሻሻ ይከማቻል፣ እሳትም ካልተጠበቀ ሰደድ ያስከትላል። በሌላ በኩል ለአካባቢው ወጣቶች በመንገድ መሪነት፣ በጓዝ ተሸካሚነትና በምግብ አብሳይነት ሥራ ይፈጥራል።

ሁለቱም አማራጮች ከሕግ ውጭ ሊሆኑ አይችሉም። አደን የሚካሄደው በፈቃድና ለዚሁ በተከለሉ ቦታዎች እንጂ በተገኘው ጫካ ሁሉ አይደለም። ከወላይታ በስተደቡብ ምዕራብ የሚገኘውና በ1997 ዓ.ም. የተቋቋመው የማዜ ብሔራዊ ፓርክ የስዌይን ቆርኪ መጠለያ በመሆኑ አደን የማይፈቀድበት ሥፍራ ነው።

በአጠቃላይ፣ ቅርብ ለሆነ ሥፍራና ለቀላል እንስሳ ውሎ መመለስ በቂ ሲሆን፣ ለሩቅ ሥፍራና ለከባድ እንስሳ ማደር ተመራጭ ነው። አዳኞች ወደ አካባቢያቸው ሲመጡ የሚያነጋግሩ የሥራ ኃላፊዎችም ፈቃዱን ከማየት ባሻገር ጓዙ የት እንደሚያርፍ፣ ሥጋው ለማን እንደሚደርስና የቆሰለ እንስሳ ቢኖር ማን እንደሚከታተለው አስቀድመው ቢጠይቁ፣ ብርቅዬ እንስሳትንም ነዋሪውንም ከጉዳት ለመጠበቅ ያስችላቸዋል።