በራሱ የሚጠምቅ መኪና የጠማቂዋን ደስታ ይወስዳልን?

ጠላ ጠጪውን ስለ ጠላ ቢጠይቁት ስለ ማኅበሩና ስለ ጨዋታው ያወራልዎታል። ጠማቂዋን የጠየቀ ግን በመጀመሪያ የሚሰማው ስለ ወገብ ሕመም፣ ስለ ጭስና ስለ ውኃ መቅዳት ነው። ስለዚህ «መኪና ከገባበት የጠመቃ ደስታ ይቀራል» የሚለው አስተያየት ሲነሣ፣ ደስታው የማን እንደሆነና በየትኛው ሥራ ላይ እንደሚገኝ አስቀድሞ መለየት ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ክርክሩ በተለይ የሚሰማው በውጭ አገር ቢራ በየቤታቸው ከሚጠምቁ ሰዎች ዘንድ ነው። በዛሬው ጊዜ ለእነዚህ ሰዎች የሚሸጡ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መጥመቂያዎች አሉ። ብቅልና ውኃ ከተጨመረበት በኋላ መኪናው ድብልቁን ከ62 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ጠብቆ ያቆየዋል፤ ፈሳሹን በፓምፕ ያዘዋውራል፤ የሚፈላበትንም ጊዜ ራሱ ይቆጥራል። ባለቤቱ ቁልፉን ተጭኖ ወደ ሌላ ጉዳዩ ሊሄድ ይችላል። አንዳንዱ ይህን እንደ ትልቅ ዕረፍት ሲቆጥረው፣ ሌላው ደግሞ ቢራ ከሱቅ መግዛት እየቻለ የሚደክመው ለደስታው ስለሆነ ድካሙ ሲወሰድበት ምንም የሚቀረው አይመስለውም።

የአገራችን ጠማቂ ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነው። ጠላ የሚጠመቀው ለበዓል፣ ለማኅበር፣ ለሠርግ፣ እንዲሁም ለሽያጭ ስለሆነ ድካሙ በምርጫ የመጣ አይደለም። የሞተር ወፍጮ በገባበት ቦታ ሁሉ መጁ ናፈቀኝ ብላ ያዘነች የቤት እመቤት እስካሁን አላጋጠመችንም።

ይሁን እንጂ ያንን መኪና እንዳለ አምጥቶ ለጠላ ማዋል አይቻልም። በቢራ ጠመቃ ብቅሉ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠው በሙቅ ውኃ ውስጥ፣ አንድ ሰዓት ያህል በሚፈጅ ጊዜ ነው። ከዚያም ፈሳሹ ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ እርሾ ይጨመርበታል። በጠላ ግን ቂጣው ሲጋገር ስታርቹ በሙቀት ይላላል፤ ኋላም በጋኑ ውስጥ፣ በቤቱ አየር ሙቀት፣ ብቅሉ ቀስ እያለ ወደ ስኳር ይለውጠዋል። እርሾውም በዚያው ጊዜ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል። ይህ እርሾ ተገዝቶ የመጣ ሳይሆን ከጌሾው፣ ከእህሉና ከዕቃው የተገኘ ነው፤ መጎምዘዙን የሚሰጡት ባክቴሪያዎችም አብረውት ይኖራሉ። ሁለቱ ሥራዎች ጎን ለጎን ስለሚካሄዱ ለመኪናው አንድ የተወሰነ ሰዓትና አንድ የተወሰነ ሙቀት ማዘዝ ያስቸግራል።

ይህን እኛም በራሳችን ስሕተት ተምረናል። በሐምሌ ዝናብ ጥንስስ ጥለን፣ በበጋ እንደለመድነው በሦስተኛው ቀን ይደርሳል በማለት ቀን ብቻ ቆጥረን ቂጣውንና ብቅሉን ጨመርንበት። በብርዱ ምክንያት ጥንስሱ ገና አልተነሣም ነበር። የወጣው ጠላ ለመጠጣትም ለመድፋትም የሚያስቸግር ሆነ። አጠገባችን የነበሩት እናት ክዳኑን ከፍተው አንድ ጊዜ ቢያሸቱት ኖሮ «ገና ነው» ባሉን ነበር፤ እኛ ግን አልጠየቅናቸውም። ሰዓት ብቻ የሚቆጥር መኪናም የሚሠራው ያንኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥራውን የምንለየው በቀላል መንገድ ነው። ጉልበት ያለው ጎረቤት ምንም ሳይጠይቅ ሊሠራልዎ የሚችለውን ሥራ ለመኪና ይስጡት። ጎረቤቱ በመካከሉ ቆም ብሎ «ይበቃል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅበት ከሆነ ግን በእጅዎ ያቆዩት። እህል መፍጨት፣ ውኃ መሳብ፣ ቂጣ መጋገሪያውን በኤሌክትሪክ ማሞቅ ከመጀመሪያው ወገን ናቸው። ጥንስሱን ማሽተት፣ ጆሮን ወደ ጋኑ አስጠግቶ መፍላቱን ማዳመጥ፣ ድፍድፉ ውኃ የሚጨመርበትን ጊዜ መወሰን ከሁለተኛው ናቸው። የጠማቂዋ ስም የሚጠራው በእነዚህ ነው፤ ደስታዋም እዚያው ነው ብለን እናምናለን።

በሁለቱ መካከል የሚወድቁም አሉ። አሻሮ መቁላት አንዱ ነው። የሚሽከረከር መቁያ ክንድንና ዓይንን ያሳርፋል፤ የጠላው መልክ የሚወሰነው ግን እህሉ በሚወርድበት ቅጽበት ስለሆነ ማዞሩ የመኪናው፣ ማውረዱ የሰው ሊሆን ይገባል። ጌሾም እንዲሁ ነው። ወፍጮ ቤት ገብቶ እንደ ዱቄት የደቀቀ ጌሾ በማጥለል ጊዜ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ሸካራ እንዲሆን ይንገሯቸው፤ አለበለዚያ ሙቀጫውን ገና አይጣሉት። ጋኑ ደግሞ በብዙ ቤት በፕላስቲክ በርሜል ተተክቷል። በርሜሉ አይሰበርም፣ ለማጠብም ይቀላል፤ ነገር ግን በወይራ ጭስ አይታጠንም፣ ያንን መዓዛ የፈለገ ከሸክላ መራቅ አይችልም። ኬሚካል የነበረበት በርሜል ምንም ያህል ቢታጠብ ለጠላ ፈጽሞ መዋል የለበትም።

ውሳኔውን ጭምር ለመኪና የሰጠ ሰው ሌላም ችግር ሊያገኘው ይችላል። በአሜሪካ በሲያትል የነበረው ፒኮብሩ የተባለ ኩባንያ ከሸጣቸው መጥመቂያዎች መካከል፣ አስቀድሞ ተመጥኖ የታሸገ ብቅልና ጌሾ መሰል ቅመም ከኩባንያው እየተገዛ የሚገባባቸው፣ የአጠማመቁንም ትእዛዝ በኢንተርኔት የሚቀበሉ ነበሩ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራውን ሲያቆም ባለ መኪናዎቹ መሣሪያውን እንደያዙ ጥሬ ዕቃና ትእዛዝ ከየት እንደሚያገኙ ይጨነቁ ጀመር። የጠላ ሙያ በሰው አፍንጫና ምላስ እስካለ ድረስ እንዲህ ያለ መዘጋት አያሰጋውም፤ የሚያሰጋው ልጅቱ ሳትማረው እናቲቱ ያረፉ እንደሆነ ነው።

ለዚህ ሲባል አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ደብተር ከየትኛውም ውድ መኪና በፊት ቢገዙ እንመክራለን። ጥንስሱ የተጣለበትን ቀን፣ የቤቱን ሙቀት፣ ጥንስሱ የተነሣበትን ቀን፣ በዚያን ጊዜም ምን እንደሸተተ በአንድ መስመር ይጻፉ። መጻፉን ልጅዎ ብትሠራው፣ ማሽተቱን ግን ሁለታችሁም ብታደርጉት ጥሩ ነው። የክረምቱንና የበጋውን ጠመቃ ፊት ለፊት ባሉ ገጾች ላይ ያስፍሩ።