ዘይትና ውሃ በአንድ ሸራ ላይ
በዴንቨር ሙዚየሞች የሳይንስ ተማሪ ከሥዕል ጋር የሚተዋወቅበት መንገድ

በኮሎራዶ ርዕሰ ከተማ በዴንቨር የሥነ ጥበብ ሙዚየም ፊት ለፊት የቆመ የምህንድስና ተማሪ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሥዕል ላይሆን ይችላል። ጥያቄው «ይህ ግድግዳ እንዴት አልወደቀም?» የሚል ነው። በአርክቴክት ዳንኤል ሊበስኪንድ የተነደፈውና እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተው የሃሚልተን ሕንፃ 20 ዘንበል ያሉ ገጾች አሉት፤ አንዳቸውም ከሌላው ጋር ትይዩ አይደሉም፣ ቀጥ ያለ ማዕዘንም አይሠሩም። ውጫዊ ልብሱ 9,000 ያህል የቲታኒየም ሰሌዳዎች ናቸው። ሹል ጫፉ ከሥሩ ምሰሶ ሳይኖረው ከመንገዱ በላይ ተንጠልጥሏል። ክብደቱ በየት በኩል ወደ መሬት እንደሚወርድ በዓይኑ ሲፈልግ የቆየ ተማሪ ሳያስበው በሩ ላይ ይደርሳል።

በዴንቨርና በጎረቤቷ አውሮራ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ ኮሌጅ ሲባል የሚታሰበው ነርሲንግ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ምህንድስና ነው። ወላጅ ሁለት ሥራ ሠርቶ የሚከፍለው ገንዘብ በዋዛ የሚታይ ባለመሆኑ ስሌቱ ስህተት ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ሥዕል ሥራ ፈት ሰው የሚያየው ነገር ነው የሚለው እምነት ሳይነገር አብሮ ይወረሳል። ሦስት የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ከሚጋሩት የኦራሪያ ግቢ በእግር የሚደረስበት ሙዚየም ለአንዳንዱ ተማሪ አራት ዓመት ሙሉ ሳይገባበት የሚታለፍ ሕንፃ ሆኖ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

የሳይንስ ተማሪን ይበልጥ የሚይዘው ግን በአቅራቢያው በባኖክ ጎዳና የሚገኘው የቫንስ ከርክላንድ ስቱዲዮ ነው። የጡብ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ሳይፈርስ ጎማ ባላቸው ማጓጓዣዎች ላይ ተጭኖ ስምንት ብሎክ ያህል ተጉዞ አሁን ወዳለበት ቦታ መጥቷል፤ ይህ ብቻውን ለአንድ የምህንድስና ክፍለ ጊዜ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1929 የዴንቨር ዩኒቨርሲቲን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በመሥራች ዳይሬክተርነት የመራው ከርክላንድ፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሌላው ሠዓሊ የሚሸሸውን ነገር አደረገ፤ የዘይት ቀለምንና ውሃን በአንድ ሸራ ላይ አገናኘ።

ዘይትና ውሃ እንደማይዋሐዱ ለማወቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ወጥ ሲበስል ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ ማየት ይበቃል። የውሃ ሞለኪውል አንዱ ወገኑ በጥቂቱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጌቲቭ ስለሆነ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ አጥብቀው ይሳሳባሉ። ዘይቱ ይህ ጠባይ ስለሌለው ከመካከላቸው ይገፋል። በከርክላንድ ሸራ ላይም ቀለሙ እየሸሸ፣ እየተሰነጠቀና እየተድበለበለ ብሩሽ ሊሠራው የማይችለውን ቅርጽ ይይዛል።

ችግሩ ውሃ መፍሰሱ ነው። ሸራው ቀጥ ብሎ ቢቆም ሁሉም ነገር ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ በጠረጴዛ ላይ መጋደም ነበረበት። ሸራው ሲተልቅ ደግሞ እጅ መሐሉ ላይ አይደርስም። ከርክላንድ ከጣሪያው ቀበቶዎችን አንጠልጥሎ፣ በእነርሱ ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ ከሸራው በላይ ተንሳፎ ይሠራ ነበር። ቀበቶዎቹ ዛሬም በስቱዲዮው ተንጠልጥለው ይታያሉ።

በዚህ መንገድ ከሣላቸው ነገሮች መካከል ኔቡላዎች፣ ማለትም በከዋክብት መካከል ያሉ የጋዝና የአቧራ ደመናዎች ይገኙበታል። ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲመጥቅ ሠዓሊው ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር። ተማሪው እስከዚህ ድረስ ሁሉንም በፊዚክስ ማስረዳት ይችላል። ያ ቀይ ከዚያ ሰማያዊ አጠገብ ሲቀመጥ ለምን ዓይን እንደሚይዝ ግን የሞለኪውሎቹ ጠባይ አይነግረውም። ቀለሙ ምን እንደሚያደርግ የወሰነው ውሃው ነው፤ የት ላይ መቆም እንዳለበት የወሰነው ደግሞ ሰው ነው። ብዙ ሳይንስ ወዳድ ሰው ሥዕልን ማየት የሚጀምረው እዚህ ልዩነት ላይ ሲደርስ ይመስላል።

ይህን መንገድ እስከ መጨረሻው የሄደ ኢትዮጵያዊ አለ። በሐረር የተወለደው ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሳይንስ ተማሪ ነበር። ሥዕል ለእርሱ እንግዳ አልነበረም፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው የነበሩት አባቱ ሥዕል ይሠሩ ነበር። የሳይንስ ትምህርቱን ትቶ በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ጀርመን ኮሎኝ ተጓዘ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተመልሶም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ውሳኔ ለዘመድ ማስረዳት ዛሬ በአውሮራ ከሚሆነው የቀለለ ነበር ብሎ ማሰብ ያዳግታል።

ገብረ ክርስቶስ ያረፈው ከኮሎራዶ ጋር በምትዋሰነው ኦክላሆማ፣ በስደት፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ነው፤ ከርክላንድም በዚያው ዓመት በዴንቨር አረፈ። ገብረ ክርስቶስ የሳይንስ ትምህርቱን የተወበት ኮሌጅ ከጊዜ በኋላ አድጎ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በስሙ የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው።